የጉበት ማቆያ ማሽንና የአጋሮ ጤና ጣቢያ ፍሪጅ

ከለጋሽ የወጣ ጉበት ጊዜ አይሰጥም። ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ዘዴ ጉበቱን በልዩ ፈሳሽ አጥቦ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እንዲህም ተደርጎ ከግማሽ ቀን ብዙም አያልፍም።

አሁን ማሽን መጥቷል። በሰውነት ሙቀት ደምና ኦክስጅን እያዘዋወረ ጉበቱን ያቆያል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የአውሮፓ ጥናት እንዳሳየው በማሽን የቆዩት ጉበቶች ጉዳት በግማሽ ቀንሷል፤ አይሆኑም ተብለው የሚጣሉትም በግማሽ አንሰዋል። ዙሪክ ውስጥ ደግሞ ሦስት ቀን በማሽን የቆየ ጉበት ለታማሚ ተተክሎ ሠርቷል።

ይህ ለአጋሮ፣ ለሊሙ ገነት ወይም ለጌራ ሰው ምን ይፈይዳል? ለጊዜው ብዙም አይፈይድም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረችው በሕይወት ካሉ ዘመዶች በሚሰጥ ኩላሊት ነው፤ ኩላሊቱ ረጅም ጉዞ የለበትም። ከሞተ ሰው የሚወሰድ ጉበት ግን የአንጎል ሞትን የሚያረጋግጥ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የቤተሰብ ፈቃድ፣ በቂ ደምና አስተማማኝ መንገድ ይፈልጋል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ይህ ሁሉ ሳይሟላ ማሽን ቢገዛ አቧራ ይጠጣል።

ጉበት ከሚያበላሹት ዋናዎቹ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ሰው «የወፍ በሽታ» የሚለው ዓይን ቢጫ ሲሆን ነው፤ ቫይረሱ ግን ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ጉበትን ይጎዳል። በጨቅላነቱ የተያዘ ሕፃን በሽታው ሥር የሚሰድበት ዕድል 90 በመቶ ገደማ ነው፤ በአዋቂነት ለተያዘ ግን ከ5 በመቶ በታች ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሄፓታይተስ ቢን ጨምሮ የሚሰጠው ጥምር ክትባት የሚጀምረው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ቫይረሱ ካለባት እናት ለተወለደ ልጅ ይህ ይዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የመጀመሪያው ክትባት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ነው።

ክትባቱም እንደ ለጋሽ ጉበት መቀዝቀዝ አለበት፣ በረዶ ግን መሥራት የለበትም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ፍሪጅ፣ የማይቋረጥ መብራት ወይም ሶላር፣ ቤቷ ለወለደች እናትም በዕለቱ የምትደርስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው።

«ዛሬ ጉበቱ የደከመውስ?» የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። ክትባት እሱን አያድነውም፤ ውጭ አገር ለመታከም ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ቡና አይበቃም። ለእሱ የሚቀርበው መንገድ ኩላሊት የተጀመረበት ነው፦ በሕይወት ካለ ዘመድ የጉበት ክፍል ወስዶ መትከል። ጉበት መልሶ የማደግ ተፈጥሮ አለው። የሐኪሞች ሥልጠና በዚህ ይጀመር፤ ማሽኑ በተራው ይመጣል።

የዞኑ ጤና ኃላፊዎች ግን ዛሬውኑ ሊጠየቁ የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ በዚህ ሳምንት በቡና ከተሞቹ ከተወለዱት ሕፃናት ስንቶቹ በ24 ሰዓት ውስጥ ተከተቡ?