ከመርዙ የተላቀቀ ጓያ በቅድሚያ መብቀል አለበት

ጓያ በድርቅ ጊዜ ሌላው ሰብል ሲከስም የሚተርፍ ጥራጥሬ ነው፤ ለወራት ዋነኛ ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል። መርዙን በዘረመል ማስተካከያ ለመቀነስ የተስተካከለው ሕዋስ ወደ ሙሉ ተክል ማደግ ይኖርበታል። ጥራጥሬዎች ግን በቲሹ ካልቸር በቀላሉ አያቆጠቁጡም፤ ቢያቆጠቁጡም ሥር መስደድ ያዳግታቸዋል። ለአንዱ ዝርያ የሠራው የሆርሞን መጠንም ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

መንገዱ ዝግ አይደለም፤ ህንድ መርዙ የቀነሰውን «ራታን» የተሰኘ የጓያ ዝርያ ያገኘችው በቲሹ ካልቸር ነው። ስለዚህ የለጋሽ አገሮች ሕግ አውጪዎች የግብርና ምርምር በጀት ሲያጸድቁ፣ ለኢትዮጵያ የጓያ ዝርያዎች የሚስማማ የማብቀያ ዘዴ ራሱን የቻለ የብዙ ዓመት ድጋፍ እንዲያገኝ ሊያደርጉ ይገባል። ይህ ከተዘለለ ለዘረመል ማስተካከያው የሚወጣው ገንዘብ ለገበሬው ዘር ሆኖ አይደርስም።