አብርሃም ሊንከን ስለ ባሮች ያወጣው ዐዋጅ

ዐዋጅን መስማት ሌላ፥ ዐዋጅን ማስተዋል ሌላ ነው። አብርሃም ሊንከን እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1863 ዓመት ያወጣው ዐዋጅ ባሮችን ሁሉ በአንድ ቀን ነጻ ያወጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ 4,000,000 ያህል ባሮች ነበሩ። እነርሱም በደቡቡ አገር ጥጥ እየዘሩና እየለቀሙ ጌቶቻቸውን ያበለጽጉ ነበር። እንደ ከብት ይሸጡ ነበር፤ እናትም ከልጇ ትለይ ነበር። በብዙው ግዛት ባሪያን ፊደል ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ማንበብ የቻለ ሰው ለባርነት እንደማይመች ጌቶቹ ዐውቀው ነበርና።

ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ በተመረጠ ጊዜ የደቡብ ግዛቶች ከማኅበሩ ተለዩ፤ በ1861 ዓመትም ጦርነት ተነሣ። ሊንከን መጀመሪያ የተዋጋው አገሪቱ እንዳትከፈል ነው እንጂ ባሮችን ነጻ ለማውጣት አልነበረም። ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን ጦርነቱ በጸና ጊዜ ባሮቹ የሚያርሱት እህልና የሚቈፍሩት ምሽግ ለጠላት ኀይል መሆኑን ተመለከተ። ስለዚህ በ1862 ዓመት በመስከረም ወር፥ ዐመፀኞቹ እስከ አዲስ ዓመት ድረስ ካልተመለሱ ባሮቻቸው ነጻ ይሆናሉ ብሎ አስጠነቀቀ። ከእነርሱም የተመለሰ የለም።

ጥር 1 ቀን 1863 ሊንከን ከጧት ጀምሮ እንግዶችን እጅ ሲነሣ ስለ ዋለ እጁ ደክሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊፈርም ብዕሩን ቢያነሣ መልሶ አስቀመጠው፤ ፊርማው የተንቀጠቀጠ እንደ ሆነ ኋላ የሚያዩት ሰዎች አመነታ እንዳይሉት ፈርቶ ነው። ጥቂትም ዐርፎ ሙሉ ስሙን ቀስ ብሎ ጻፈ።

ዐዋጁም ያመፁትን ግዛቶች ባሮች ነጻ ናቸው አለ። ከማኅበሩ ያልተለዩትን ኬንታኪን፥ ሚዙሪን፥ ሜሪላንድንና ዴላዌርን ግን አልነካም። ስለዚህ ነቃፊዎች፥ ቃሉ በማይሰማበት አገር ነጻ አወጣ፥ ቃሉ በሚሰማበት አገር ባርነትን ተወ፥ እያሉ ዘበቱበት። ይህ ነቀፌታ ግማሹ እውነት ነው። ሊንከን የጦር አዛዥ ሆኖ የጠላትን ኀይል መንጠቅ ይችል ነበር፤ ለመንግሥቱ የታመኑትን ሰዎች ባሮች በራሱ ቃል ነጻ ማውጣት ግን ሕገ መንግሥቱ አልፈቀደለትም። ደግሞም እነዚያ ግዛቶች ወደ ዐመፀኞቹ እንዳይዞሩ ይፈራ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ነገር ግን በኬንታኪ በባርነት ለቀረው ሰው ምክንያቱ እንባውን አልጠረገለትም።

የሆነ ሆኖ ነቃፊዎቹ ያላዩት ነገር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሠራዊቱ ወደ ፊት በሄደ ቍጥር ነጻነትም አብሮ ይሄድ ነበር። ባሮቹም ቆመው አልጠበቁም፤ ሌሊት ሌሊት እየሸሹ ወደ ሰፈሩ ይገቡ ነበር። ዐዋጁ ጥቁሮችን ወደ ጦር ሠራዊት ስላስገባ 180,000 ያህል ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ተዋጉ። ስለዚህ ዐዋጁን የሊንከን ሥራ ብቻ ማለት ትክክል አይደለም።

በሩቅ በቴክሳስ ግን ብዙ ጌቶች ዐዋጁን ሰምተው ዝም አሉ። ጄኔራል ግሬንጀር በጋልቬስተን ከተማ የነጻነትን ትእዛዝ ያሳወጀው ሰኔ 19 ቀን 1865 ነው፤ ከተፈረመ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሆነው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የኬንታኪና የዴላዌር ባሮችም ነጻ የወጡት በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ባርነት በሕገ መንግሥት በተሻረ ጊዜ ነው።

በቨርጂንያ በሐምፕተን አንድ ትልቅ የወርካ ያህል የሰፋ ዛፍ አለ። ሜሪ ፒክ የምትባል ጥቁር መምህርት ከባርነት ለሸሹት ፊደል ያስተማረችው በእርሱ ጥላ ሥር ነው፤ እርሷ ካረፈች በኋላም በ1863 ዓመት ዐዋጁ በዚያ ተነበበ። የሐምፕተን አውራጃ ግን ዐዋጁ በስም ጠርቶ ከተዋቸው ስፍራዎች አንዱ ነበረ። ዛፉ ዛሬም ቆሟል።