የአባቶች ቤትና የልጆች ኑሮ

መጽሐፍ የሚጻፈው በብራና ላይ ብቻ አይደለም። የድንጋይ አካካብ፣ የጣራ አከዳደን፣ የበር አቀማመጥ፣ የምድጃ ስፍራ፣ ይህ ሁሉ አስተውሎ ለሚመለከተው ሰው አባቶች በምን ብልሃት ከብርድና ከፀሐይ፣ ከአውሬና ከሽፍታ ተጠብቀው እንደ ኖሩ የሚያስረዳ ጽሕፈት ነው። ብራና ሲያረጅ የሚገለብጠው ጸሐፊ ይገኛል፤ የባላገር ቤት ግን ከፈረሰ በኋላ ገልባጭ የለውም። ስለዚህ ሌሎች ሕዝቦች እንዲህ ያለውን ጽሕፈት እንዴት እንዳቆዩት መመርመር፣ ከተመረመረውም የሚበጀውን መርጦ መያዝ ለሹማምንትም ለካህናትም የሚገባ ሥራ ነው።

በሀንጋሪ አገር፣ ከዋናው ከተማ ከቡዳፔስት በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኮረብቶች መካከል ሆሎኮ የምትባል አንዲት ትንሽ መንደር አለች። የስሟ ትርጓሜ በአገሩ ቋንቋ «የቁራ ድንጋይ» ማለት ነው። ከበላይዋ በ13ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ምሽግ ይታያል፤ ከበታቹም ፓሎትስ የሚባሉት ሕዝብ ቤቶች በመንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ቆመዋል። መሠረታቸው ድንጋይ፣ ግድግዳቸው በኖራ የነጣ፣ ፊታቸውም በእንጨት ዓምድ የተደገፈ በረንዳ ያለው ነው። በመካከላቸው የእንጨት ግንብ ያላት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ለጉብኝት የሄደ እንግዳ መንደሪቱን በጥቂት ሰዓት ዞሮ ይጨርሳታል። ቤተ መንግሥት አያገኝባትም፤ የጀግና ሐውልትም አያገኝባትም። የሚደነቀው፣ የገበሬ ቤት መልኩን ሳይለውጥ እስከ ዛሬ መቆየቱ ነው። ስለዚህም በ1987 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ አሮጌውን መንደር ከነ55 መኖሪያ ቤቶቹና ከነቤተ ክርስቲያኑ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው።

ነገር ግን ይህች መንደር ምንም ሳይነካት የኖረች የሚመስለው ሰው ቢኖር ይሳሳታል። በ1783 እ.ኤ.አ. የአገሩ መንግሥት፣ እሳት እንዳይነሣ በማለት በእንጨት ቤት መሥራትን የሚከለክል ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። ሕዝቡ ግን የለመደውን አሠራር አልተወም፤ ስለዚህም መንደሪቱ ደጋግማ ተቃጠለች። የመጨረሻው ታላቅ ቃጠሎ የደረሰው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ነዋሪዎቹ ቤቶቻቸውን በቀድሞው መልክ መልሰው አቆሙ፤ የጣራውን ሣር ግን በሸክላ ክዳን ለወጡት። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ትእዛዝ ብቻውን የሰውን ቤት እንደማይለውጥና እንደማይጠብቅም ነው። ሁለተኛው፣ የጥንቱን መልክ መጠበቅ ማለት ጉዳት የሚያመጣውን ነገር ሁሉ አብሮ ማቆየት ማለት አለመሆኑ ነው። የሆሎኮ ገበሬ ክዳኑን ቢለውጥም ቤቱ የአባቶቹ ቤት ከመሆን አልቀረም።

ዛሬ ከነዚያ ቤቶች አንዳንዱ የመንደር ሙዚየም፣ አንዳንዱ የሽመና ቤት፣ አንዳንዱ የእንግዳ ማረፊያ ሆኖአል። ጎብኚው ገንዘቡን ይከፍላል፤ መንደሩም በዚያ ይጠገናል። ሆኖም የዚህ ሥራ ጉድለት ሊሸሸግ አይገባም። በአሮጌው ሰፈር ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ሰው ጥቂት ሆኖአል፤ ወጣቶቹም እንጀራቸውን ፍለጋ ወደ ከተማ ሄደዋል። ቤቱ ተጠብቆ ነዋሪው ካልቆየ፣ የቀረው ልብስ እንጂ ገላ አይደለም። ይህን ጉድለት ማስተዋል ከቤቶቹ ማማር ይልቅ ለኢትዮጵያ ይጠቅማል።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ዋግ መመለስ ይገባል። ጋዝጊብላ በዋግ ኽምራ ደጋ ያለ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው አስከተማ ይባላል። በዚያ አገር ድንጋይ ብዙ ነው፤ ስለዚህም ባላገሩ ከጥንት ጀምሮ ቤቱን በድንጋይ እየካበ፣ በጭቃ እያጣበቀ፣ ጣራውን በሣር እየከደነ ኖሮአል። በጎረቤቱ በላስታ ደግሞ በቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ክብ የሆኑ፣ ባለ ደርብ ቤቶች አሉ። ዩኔስኮ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦአል፤ ስለ ስፍራው በሚሰጠው መግለጫም እነዚህን ቤቶች የላስታ ጎጆዎች ብሎ በስማቸው ይጠራቸዋል። በዓለም ፊት የታወቀው አለቱ ብቻ እንዳይደለ፣ በአለቱ ዙሪያ የኖረው የሰው መኖሪያም ጭምር እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የእነዚህን ቤቶች ክብር ለማወቅ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ማስተያየት ይበቃል። በላስታ ተራራ በዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየሆነ የተሠራ ነው፤ ይህም ከአክሱም ዘመን የወረደ ጥበብ ነው። ከሰቆጣ አጠገብ ያለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስም ከአለት የተፈለፈለ ነው። በዚህ አገር ድንጋይን ማወቅ የጥቂት ሊቃውንት ሀብት ብቻ ሆኖ አልኖረም። የንጉሡን ቤተ ክርስቲያን የፈለፈለው እጅ የወጣው የራሱን ቤት በድንጋይ ይሠራ ከነበረው ሕዝብ መካከል ነው። ቤተ ክርስቲያኑን እያደነቁ ጎጆውን መናቅ፣ ፍሬውን እየበሉ ግንዱን እንደ መቍረጥ ይቆጠራል።

ዳሩ ግን ጎጆው እየጠፋ ነው፤ የሚጠፋበትም ምክንያት የታወቀ ነው። መንገድ በገባበት ሁሉ ቆርቆሮ ይገባል። ሣር የሚታጨድበት መሬት ታርሶአል፤ ለምሰሶና ለማገር የሚሆነው እንጨትም ከቤተ ክርስቲያን አጸድ በቀር በብዙ ስፍራ አልቆአል። የሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ ግን አንድ ጊዜ ከተመታ ብዙ ዓመት ይቆያል። ቆርቆሮ በቀን የሚያግል፣ በሌሊት የሚያበርድ፣ በረዶም ሲወርድበት የሚያደነቍር ቢሆን እንኳ፣ በባላገሩ ዓይን የማደግ ምልክት ሆኖአል። በዚህም ላይ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዋግ በገባ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሎአል። ነዋሪው የተለየው ቤት ደግሞ ክዳኑ ሲያፈስ የሚደርስለት አያገኝም፤ ክዳኑ ያፈሰሰ የጭቃና የድንጋይ ግድግዳም ብዙ ክረምት አይችልም።

በዚህ ጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ዋግ በዓለም የታወቀችው በቤቷ አሠራር አይደለም፤ በረኀብ ነው። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኀብ ካደቀቃቸው አገሮች አንዷ እርስዋ ናት። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በምግብ ማነስ ምክንያት እንዳይቀጭጩ በ2030 እ.ኤ.አ. ይህን ጉዳት ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑ የተጠራው በሰቆጣ ስም ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። ሕፃኑ ባልጠገበበት አገር ስለ ጎጆ መጠበቅ መናገር የጠገበ ሰው ጨዋታ አይሆንምን? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ እንዲያውም መልስ ሳያገኝ ሥራው ሊጀመር አይገባውም።

መልሱ ይህ ነው። ድኻውን «ሣር ቤትህን አትለውጥ፤ እንግዳ መጥቶ ሊያየው ነውና» ብሎ ማዘዝ ግፍ ነው። ለሌላው ደስታ ሲባል የእርሱ ጣራ እያፈሰሰ፣ የልጆቹም ዓይን በጢስ እየታመመ ሊኖር አይገባም። የአባቶች ቤት ለሁሉ የሚጠቅም ሀብት ከሆነ፣ የመጠበቁም ዕዳ የሁሉ መሆን ይገባዋል። ለሣሩ፣ ለእንጨቱና ለጠራቢው የሚወጣው ገንዘብ ከመንግሥት ግምጃ ቤትና ከጎብኚው ኪስ ይውጣ እንጂ ከባላገሩ ጎተራ አይውጣ። ይህ ከሆነ ጎጆው ከረኀብ ጋር የሚጣላ ሳይሆን እህል በጠፋበት ዓመት ለባለቤቱ ሁለተኛ እርሻ ይሆንለታል፤ ድንጋይ የሚጠርበው፣ ክዳን የሚከድነው፣ ሸማ የሚሠራው፣ እንግዳ የሚያሳድረው ሁሉ በቀዬው ሳለ ደመወዝ ያገኛልና።

ነዋሪውን ሳይጠብቁ ቤቱን መጠበቅ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ እስከ ሀንጋሪ መሄድ አያስፈልግም። በላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ስፍራው ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል እንዲለቀቅ ተደርጎ ወደ አዲስ ሰፈር ሄደዋል። ከጎጆዎቹ አንዳንዶቹ ለመታየት ቆመው ቀርተዋል። ለአለቱ ደኅንነት የታሰበው አሳብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምድጃው የጠፋ፣ ሕፃን የማይሮጥበት፣ ቡና የማይፈላበት ጎጆ ለተመልካች ግድግዳውን እንጂ ኑሮውን ሊነግረው አይችልም።

በአንጻሩ ደግሞ ኮንሶን መመልከት ይገባል። በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ምድር በድንጋይ እርከን የታነጸ እርሻና በድንጋይ አጥር የተከበበ መንደር ነው፤ ከ400 ዓመት በላይ፣ በ21 ትውልድ ቅብብሎሽ ኖሮአል። ያቆየውም በየዓመቱ እርከኑን የሚጠግነው፣ በመንደሩ ሸንጎ የሚፈርደውና በዚያው የሚተኛው ሕዝብ ራሱ ነው። የሐረር ጀጎልም በ2006 እ.ኤ.አ. ሲመዘገብ ቅጥሩ ብቻ አልተቆጠረም፤ የሐረሪ ቤት የውስጥ አሠራሩ ጭምር ተመሰገነ፤ በቤቶቹም ውስጥ ዛሬ ሰው ይኖራል። እንግዲህ የተሻለው መንገድ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ውስጥ አለ።

ከዚህ የተነሣ በጋዝጊብላና በቀሩት የዋግ ወረዳዎች ሊሠራ የሚገባው ሥራ እንደሚከተለው ሊታሰብ ይችላል። አስቀድሞ፣ አሮጌዎቹ ቤቶች በያሉበት ተቆጥረው፣ ተለክተው፣ ሥዕላቸው ተነሥቶ ይመዝገቡ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሜትርና መዝገብ የያዙ ጥቂት አስተማሪዎች ከተማሪዎቻቸው ጋር ሊፈጽሙት ይችላሉ። ሲመዘግቡም የምሰሶውን፣ የማገሩን፣ የመደቡንና የጎተራውን ስም ባላገሩ በሚናገርበት በኽምጥኛ ይጻፉ፤ ቤቱ ሲፈርስ ስሙም ከቤቱ ጋር ይቀበራልና። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለእንዲህ ያለው ሥራ መሠረት ይሆናል፤ አዋጁ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መውረድ ግን ያስፈልገዋል።

ቀጥሎም ሁሉን ለመጠበቅ መመኘት ሁሉን ማጣት ነውና፣ ነዋሪዎቹ በፈቃዳቸው የተስማሙባቸው ጥቂት መንደሮች ይመረጡ። በእነዚህ መንደሮች የቤቱ የውጭ መልክ እንደ ጥንቱ ሆኖ፣ በውስጡ ጢስ መውጫ፣ መስኮት፣ ንጹሕ ውኃና መብራት ይግባ። ከብቶቹም ከሰው ተለይተው ይደሩ። የሆሎኮ ሰዎች ሣሩን በሸክላ እንደ ለወጡ፣ የዋግ ሰዎችም ሊለወጥ የሚገባውን ራሳቸው መክረው ይለውጡ። ለክዳን የሚሆን ሣር የሚበቅልበት ጥብቅ መሬት በየቀበሌው ይከለል። እንዲሁም አዲስ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲሠራ የአገሩ ድንጋይና የአገሩ ግንበኛ ይቅደም። ልጅ ፊደል የሚቆጥርበት ቤት በአባቱ ቤት አምሳል የተሠራ እንደ ሆነ፣ የአባቱ ቤት የሚያሳፍር እንዳይደለ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ካህናትም በዚህ ሥራ ታላቅ ድርሻ አላቸው። የጥንቱ ዛፍ፣ ጥዱና ወይራው በየአጸዱ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ጥበቃ ነው። ይህን ያህል ያቆየ እጅ ክቡን ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ በቆርቆሮ ለመለወጥ ሲቸኩል መታየት የለበትም። ጣራው ካረጀ ይታደስ፤ ግን ከመፍረሱ በፊት መጠገን የሚቻል እንደ ሆነ ዐዋቂ ይጠየቅ። የቆሎ ተማሪው ጎጆም አይናቅ፤ ብዙ ሊቃውንት ግእዝና ቅኔ የተማሩት ከዚያ ውስጥ ነው። ሕዝቡ ከአዋጅ ይልቅ የንስሐ አባቱን ቃል የሚሰማበት ስፍራ ብዙ ነውና፣ በዐውደ ምሕረት የሚነገር አንድ ምክር ብዙ ደብዳቤ የማይፈጽመውን ሊፈጽም ይችላል።

የዋግ ሽማግሌዎች ድንጋይን ከድንጋይ ጋር ያለ ሲሚንቶ የሚያስማማ ጥበብ ዛሬም በእጃቸው አለ፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ለአንድ ሽማግሌ ግንበኛ ሁለት ወጣት ደቀ መዝሙር መስጠት፣ ለሁለቱም የሚበቃ ቀለብ መቍረጥ፣ ከአንድ መኪና ዋጋ ያነሰ ወጪ ነው። ይህ በጊዜው ከተደረገ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣው ጎብኚ ወደ ጋዝጊብላ በወጣ ጊዜ በደጃፉ የተቀመጠ ባለቤት፣ ከጣራውም የሚወጣ ጢስ ያገኛል። ሳይደረግ ቢቀር ግን የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ቤት ለማወቅ ሲፈልጉ የሚያገኙት የድንጋይ ክምር ይሆናል፤ ክምሩንም ማን እንደ ካበው የሚነግራቸው አይኖርም።