ከመቀነስ በፊት መቁጠር



ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ሠርግ ሲቃረብ ቀሚሴ አልዘጋ አለኝ። ደንግጬ ቁርስና ምሳ ተውኩ። ለባለቤቴም «ጾም ይዣለሁ» አልኩት። በአምስተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለሁ ዓይኔ ጭልም አለብኝ፤ እሱ ደርሶ ባይዘኝ ኖሮ ምድጃው ላይ ወድቄ ነበር። ያን ማታ እውነቱን ነገርኩት። ጾም ወደ እግዚአብሔር የምንቀርብበት ነው፤ ለቀሚስ ብዬ በስሙ መሸፈኔ ከማዞሩ ይልቅ አሳፈረኝ።

በማግስቱ ነርስ የሆነች የቤተ ክርስቲያናችን እህት መጥታ፣ «ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትቀንሺ የምትበዪውንና የምትጠጪውን ጻፊ» አለችኝ። ካሎሪ ከምግብ የምናገኘው ኃይል መለኪያ ነው። ሰውነታችን ከሚያወጣው በላይ ስንበላ ትርፉ ስብ ሆኖ ይከማቻል። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲይዝ፣ 1 ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን 4 ይይዛል።

ደብተሬ ጉዴን አወጣው! ለአራታችን በምሠራው ወጥ 12 የሾርባ ማንኪያ ዘይት እጨምር ነበር። አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከዘይቱ ብቻ ለእያንዳንዳችን 360 ይደርሰናል። በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር እጠጣለሁ፤ እሱም 190 ያህል ነው። ዘይቱን ወደ 4፣ ስኳሩን ወደ አንድ አንድ ማንኪያ ሳወርድ፣ እንጀራዬን ሳልነካ በቀን 370 ገደማ ካሎሪ ቀነስኩ።

እህቶቼ፣ አትቸኩሉ። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ ይበቃል። ያለ ሐኪም ክትትል ሴት በቀን ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 ካሎሪ በታች አይውረዱ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ቀድሞ ምግብን በመፍራት የተቸገረም ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ቁጥሩ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ደብተሩን ዝጉት።

ባሎችም ሆይ፣ «ወፈርሽ» እያላችሁ በሰው ፊት አትቀልዱ። የእኔው ባለቤት አንድም ቃል ሳይናገር የራሱን ስኳር ቀነሰ፤ ማታ ማታም አብረን በእግር እንሄዳለን። በአራት ወር 5 ኪሎ ቀነስኩ።

ለሠርጉ ግን አልደረሰልኝም። ቀሚሱን ልብስ ሰፊ ለቀቅ አደረገልኝ፤ ደስ ብሎኝም በላሁ።