እሳት ይውረድ ወይስ ወንጌል ይሰበክ?



አንድ ሰው በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ በእምነታችን ሲያላግጥ ከመካከላችን ፈጥኖ የሚሰማው ድምፅ «መንግሥት ለምን ዝም ይላል? ይታሰር!» የሚል ነው። እኛ ግን እንላለን፦ የሚሳለቅብንን ሁሉ እንዲያስርልን መንግሥትን መለመን ወንጌልን ማዋረድ ነው፤ ለራሳችንም አደጋ ነው።

ታሪካችንን እናስታውስ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮናውያን ደንብ አገሪቱን ለስብከት ክፍት በሆነና ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በተከለለ አካባቢ ከፈላት። እንደ ጎጃም ያለው አገር ከተከለለው ወገን ነበር። በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሙሉ ወንጌል አማኞች ለአምልኮ እንደተሰበሰቡ ታሰሩ። በ1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። የመጀመሪያው መንግሥት የራሱ ሃይማኖት ነበረው፤ ሁለተኛው ሃይማኖትን ይንቅ ነበር። ሁለቱም ግን በሰው ኅሊና ላይ ዳኛ ሆነው ተቀመጡ።

አንዳንድ ሰባክያን «ሴኩላር» የሚለውን ቃል የሰይጣን ስም ያስመስሉታል። ነገር ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንም የወደደውን እምነት እንዲይዝና እንዲያስተምር ፈቅዷል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በምዕራብ ጎጃም ገጠርም ጥቂት አማኞች ተሰብስበው ሲጸልዩ በሕግ ፊት የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው። «መጤ» መባልን፣ ከዕድር መገለልን፣ «ሬሳችሁን የት ልትቀብሩ ነው?» መባልን የቀመሰ አማኝ የዚህን አንቀጽ ዋጋ ያውቀዋል።

እንግዲህ አስተውሉ። መዳን በክርስቶስ ብቻ ነው፣ አማላጁም እርሱ ብቻ ነው ብለን ስንሰብክ ለብዙ ጎረቤቶቻችን ንግግራችን እንደ ስድብ ይሰማል። «ስሜቴ ተነካ» ማለት ሰው ለማሳሰር ከበቃ፣ መጀመሪያ የሚዘጋው የአዲስ አበባው ቀልደኛ አፍ አይደለም፤ የቡሬው ወንጌላዊ አፍ ነው። ዛሬ ለሌላው የምንቆርጠው ዱላ ነገ በእኛ ጀርባ ላይ ያርፋል።

«ታዲያ ሁሉ ይፈቀድ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የአምልኮ ሥርዓትን ማወክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 492 ያስቀጣል። በሃይማኖታቸው ምክንያት በሰዎች ላይ ጥላቻና ጥቃት መቀስቀስም በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ተከልክሏል። ያው አዋጅ ግን የሃይማኖት ትምህርትን ከክልከላው ለይቶ አውጥቷል። «ጴንጤዎችን አባርሩ» ማለትና «የጴንጤዎች ትምህርት ስሕተት ነው» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለሕግ ይቅረብ፤ ሁለተኛው ግን መልስ እንጂ ካቴና አያስፈልገውም።

ይህ ለእኛም ወሰን ነው። የመናገር መብት አለን ብለን የጎረቤታችንን ታቦትና ጾም በመድረክ ላይ ብናንቋሽሽ ሰው እናርቃለን እንጂ አንድም ነፍስ አናድንም። ስለ ትዳር፣ ስለ ስካር፣ ስለ ጽንስ ማስወረድ በአደባባይ እንናገር፤ ግን ለማሳመን እንጂ ለማስፈራራት አይሁን።

በሉቃስ 9 ላይ የሰማርያ መንደር ጌታን አልቀበልም ባለ ጊዜ ያዕቆብና ዮሐንስ ከሰማይ እሳት ሊያወርዱባቸው ፈቃድ ጠየቁ። ጌታ ግን ገሠጻቸውና ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ደግሞ ያው ዮሐንስ ከጴጥሮስ ጋር ወደ ሰማርያ ወርዶ፣ የወንጌልን ቃል ለተቀበሉት መንፈስ ቅዱስን እንዲቀበሉ ሲጸልይ እናየዋለን። ሲመለሱም በብዙ የሳምራውያን መንደሮች ሰበኩ። በዚያ ቀን እሳቱ ወርዶ ቢሆን ኖሮ በዚያች መንደር ወንጌልን የሚሰማ ማን በቀረ ነበር?

ዛሬ የሚሳለቅብን ሰው ነገ የምንጸልይለት ወንድም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እሳት አንለምንበት። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 እንደሚያስተምረን ስለ ተስፋችን በየዋህነት መልስ እንስጠው፤ እርሱም እንዲናገር መብቱን እንጠብቅለት።

ጌታ ሆይ፣ ለተቃወሙን የምንመልሰውን ቃል ስጠን፤ በጎጃም ምድርም ለሁሉም የሰላም መንገድ ይሁን። አሜን።