ጃክ ቤት እስኪለምድ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ አንድ ውሻ ላጫውታችሁ ነው። «የፓስተር ሚስት ስለ ውሻ ምን አገባት?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ። ይህ ውሻ ቤታችን በገባ በስድስተኛው ቀን ትንሹን ልጃችንን ነክሶታል። ጥፋቱ ግን የውሻው ሳይሆን የእኛ የትልልቆቹ ነበር። ስህተታችንን ሌላ ቤተሰብ እንዳይደግመው ብዬ እጽፋለሁ።

ጃክ የጎረቤቶቻችን ውሻ ነበር። ዕድሜው አምስት ዓመት ገደማ ይሆናል። ጎረቤቶቻችን ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወሩ አራተኛ ፎቅ ላይ ውሻ ማኖር አልቻልንም ብለው ትተውት ሄዱ። ቤቱን የተከራዩት አዲሶቹ ሰዎችም አላስገቡትም። እርሱ ግን ከበሩ አልርቅ አለ። ቀን ቀን ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ይውላል፣ ማታ ማታ ተመልሶ እዚያው የተዘጋ በር ሥር ይተኛል። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ከረመ። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከምሳ ዕቃዋ የተረፈውን ታቀምሰው ነበር። አንድ ቀን ምሽት ዶፍ ዝናብ እየወረደ «እማዬ፣ እኛ ብናስገባውስ?» አለችኝ።

ባለቤቴ መጀመሪያ አልተስማማም። «ቤታችን እንግዳ ይበዛበታል፣ ሕፃናት ይገባሉ ይወጣሉ፤ ያደገ ውሻ ደግሞ ምን እንዳሳለፈ አናውቅም» አለ። እውነቱን ነበር። ነገር ግን በመጽሐፈ ምሳሌ 12፥10 የጻድቅ ሰው ርኅራኄ ለእንስሳው ሳይቀር እንደሚደርስ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ልጄም ያንን ትምህርት አልረሳችውም። ስለዚህ ጃክ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችንን አልፎ ገባ።

አሁን ሳስበው ያንን ሳምንት እንዳለ መልሼ ባስተካክለው እወድ ነበር። ሐኪም ሳያየው አስገባነው። በገባበት ሰዓት ይዘን በግድ አጠብነው። የልጆቹ ጓደኞች ሊያዩት ተሰበሰቡ፣ አንዱ ራሱን ይደባብሳል፣ ሌላው ጅራቱን ይነካል። እሑድ ከቸርች መልስ ቤቱ በእንግዳ ተሞላ። ማታ ደግሞ እንዳይጠፋ ብለን በአጭር ሰንሰለት በሩ አጠገብ አሰርነው። እርሱም ሁለት ቀን እህል ሳይቀምስ ከሮቶው ሥር ተወሽቆ ዋለ። ምንም ድምፅ ስላላሰማ እኛ «እንዴት ያለ ጨዋ ውሻ ነው!» እያልን ተደሰትን። ለካ ጨዋነት ሳይሆን ፍርሃት ኖሯል።

ሐሙስ ዕለት የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ጃክ እየበላ ሳለ ሳህኑን ወደ ራሱ ሊስብ እጁን ሰደደ። ጃክ አጉረመረመ። ልጁ ሳቀ፣ ደግሞም ሳበ። ከዚያ የሰማሁት ጩኸት ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም። ከኩሽና ሮጬ ስወጣ የልጄ መዳፍ ይደማል፣ ውሻው ደግሞ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል። እኔም በንዴት መጥረጊያ አንሥቼ መታሁት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ያደረግሁትን መሸሸግ አልፈልግም።

እንግዲህ እናቶች ሁላችሁ ይህን ያዙ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በታመመ እንስሳ ምራቅ ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው፤ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ በብዛት ይጠቃሉ። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ያለ ምንም መዘግየት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። አንዲት ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ደቁሰው መጡ። በአክብሮት አመሰግኜ መለስኳቸው። በአገራችን ብዙ ሰው የባህል መድኃኒት ሲሞክር የክትባቱ ጊዜ እያለፈበት ሕይወቱን አጥቷል።

ልጃችን በዚያው ቀን ተከታታይ ክትባቱን ጀመረ። ውሻውን ደግሞ ገድለን ወይም አባርረን እንዳንጥለው፣ በግቢ ውስጥ ለብቻው አድርገን ለ10 ቀን እንድንጠብቀው ተነገረን። ሲነክስ ምራቁ ውስጥ በሽታው የነበረ ውሻ በእነዚህ 10 ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም። እኔ ያን ጊዜ በየማለዳው ተነሥቼ መጀመሪያ የማየው ልጄን፣ ቀጥሎ ጃክን ነበር። ሁለቱንም በአንድ ጸሎት አነሣቸው ነበር። አሥረኛው ቀን አለፈ፤ ጃክም በጤና ሳህኑን እየላሰ ተገኘ።

በእነዚያ ቀናት ብዙ ሰው «መርዝ አብሉትና ተገላገሉ» ብሎናል። ባለቤቴ ግን ጸጥ ብሎ ሰነበተና «መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ቤታችን ድረስ መጣ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ከመንከሱ በፊት አጉረምርሟል?» የሚል ነበር። አዎን አልነው። «እንግዲያው ነግሯችኋል፤ የሰማው ሰው አልነበረም» አለን። ማጉረምረም የውሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ስላጉረመረመ የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተውና ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይማራል። መጥረጊያዬን አስታውሼ አንገቴን ደፋሁ።

ያደገ ውሻን ስለ ማላመድ ከሐኪሙ የተማርነውንና በቤታችን ያየነውን እንደሚከተለው አካፍላችኋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ውሻው ገና ሳይገባ ወይም በገባበት ቀን ለሐኪም ይታይ። የእብድ ውሻ ክትባት ይወጋ፣ ለሆድ ትላትል መድኃኒት ይሰጠው፣ ቁንጫና መዥገር ይታይለት። የክትባቱን ወረቀት አስቀምጡ፣ ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜም አስደግሙ።

ሁለተኛ፣ የራሱ ጥግ ይኑረው። ዝናብ የማያገኘው፣ ሰው የማይተላለፍበት፣ አሮጌ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ቦታ ይበቃል። እዚያ ሲገባ ማንም አይከተለው፣ ማንም አይጎትተው። እኛ ሰንሰለቱን ፈትተን ከግቢው ጓሮ በአሮጌ ጣውላ ከለልንለት። ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ ወሰደው።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ስጡት። ውሻ አሳዳጊዎች «ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር» የሚሉት ልምድ አለ። በሦስቱ ቀን ድንጋጤው ይበርድለታል፣ በሦስቱ ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ያውቃል፣ በሦስቱ ወር ቤቴ ነው ማለት ይጀምራል። ይህ ሕግ አይደለም፤ አንዳንዱ ይፈጥናል፣ ብዙ የተጎዳው ደግሞ ይዘገያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንግዳ አታብዙበት፣ ገላውን ማጠብም ይቆይ። እናንተ ከመሄድ ይልቅ እርሱ ወደ እናንተ እንዲመጣ ጎን ሰጥታችሁ ቁጭ በሉ። ዓይን ዓይኑን ማየትና ከላይ ጎንበስ ማለት ለፈራ ውሻ ዛቻ ነው።

አራተኛ፣ ሰዓቱ አይዛባ። ምግቡን፣ መውጫውን፣ መተኛውን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ስናደርግለት መረጋጋቱን በዓይናችን አየን። ነገ ምን እንደሚመጣ የማያውቅ ፍጥረት ማረፍ አይችልም። ብቻውን መቅረትንም ቀስ በቀስ ማስለመድ ይገባል። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ወጥቶ መመለስ፣ ቀጥሎ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያም ከፍ ማድረግ ነው። አንዴ የተጣለ ውሻ በሩ ሲዘጋ ድጋሚ የተጣለ ይመስለዋል።

አምስተኛ፣ ምግቡን እንወቅ። የወጥ ትራፊ ለውሻ ጥሩ ይመስለናል፤ ነገር ግን በወጣችን ውስጥ የሚበዛው ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብም መርዙ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል። በበዓል በግ ሲታረድም ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ካያችሁ ለውሻ አትጣሉለት። ከእርሱ የሚያድገው ትል ከውሻው ዐይነ ምድር ወደ ልጆቻችን እጅ ይመጣል። እኛ ቅመም ያልገባበት ሩዝ ወይም ገንፎ ከትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ጋር እንሰጠዋለን። የሚጠጣው ንጹሕ ውሃም ሁልጊዜ አጠገቡ አለ።

ስድስተኛ፣ የቤቱን ሕግ የሚማረው ውሻው ብቻ አይደለም፤ ልጆችም ይማራሉ። እኛ አራት ሕግ አውጥተን ኩሽና በር ላይ ለጠፍን፦ ሲበላ አይነካም፤ ሲተኛ አይቀሰቀስም፤ አይታቀፍም፣ አይጋለብም፤ ትልቅ ሰው በሌለበት ብቻችሁን አብራችሁት አትሁኑ። ምልክቶቹንም አስተማርናቸው። ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ከሸጎጠ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ደጋግሞ ካዛጋ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ ፊቱን አዙሮ የዓይኑ ነጭ ከታየ «ተዉኝ» ማለቱ ነው። ጅራት የሚቆላ ውሻ ሁሉ ደስ ብሎታል ማለትም አይደለም። ቀጥ ባለ ሰውነት ጅራቱን ወደ ላይ አቁሞ ቶሎ ቶሎ የሚነቀንቅ ውሻ ሊቆጣ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል።

ሰባተኛ፣ ዱላ ይቅር። ቤት ውስጥ ሽንቱን ቢሸና አፍንጫውን እዚያ ላይ ማሸት ያረጀ ልማድ ነው፤ የሚያስተምረው መፍራትን ብቻ ነው። ይልቅ እንደነቃና እንደበላ ወደ ውጭ አውጡት፣ በትክክለኛው ቦታ ሲጨርስ ወዲያው አመስግኑት፣ ቁራሽ ስጡት። መልካም ያደረገበትን ሰዓት ማየት ለእኛ ለሰዎች ከባድ ነው፤ ለልጆቻችንም እንዲሁ እንደምናደርግ ታዘብኩ።

ደግሞም እውነቱን ላለመሸሸግ፣ ሁሉም ውሻ ለሁሉም ቤት አይሆንም። ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ ደጋግሞ የሚናከስ ከሆነ በግድ ማቆየት ርኅራኄ አይደለም፤ ሐኪም አማክሮ ሕፃናት የሌሉበት ሌላ ቤት መፈለግ ይሻላል። እኛም ይህን ለመቀበል ተዘጋጅተን ነበር።

ጃክ በሁለተኛው ሳምንት ከልጄ እጅ ቁራሽ ተቀበለ። ትንሹ ልጃችን ግን ሁለት ወር ያህል አልቀረበውም፤ እኛም አልገፋፋነውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ሲሠራ ጃክ ከጓሮው ቀስ ብሎ መጣና ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ተኛ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «ሳህኑን አልነካበትም» አለ። እኔም በኩሽናው መስኮት ቆሜ እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አባቶቻችን። ጃክ ዛሬ የእኛን በር ይጠብቃል፤ የቀድሞ ቤቱን በር ዞር ብሎም አያየውም። መጥረጊያ ሳነሣ ግን እስከ አሁን ጥግ ይይዛል። ስለዚህ ግቢውን ከመጥረጌ በፊት በስሙ እጠራውና ወደ ጓሮው እስኪሄድ እጠብቀዋለሁ። እኔ ያስተማርኩት ፍርሃት ነውና እስኪረሳው መታገሥ የእኔ ድርሻ ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ የጌታ ሰላም በየቤታችሁ ይሁን።