ልጆቻችንን የሚበላቸው መጽሐፍ አይደለም



እኛ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት ስንመላለስ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይገጥመናል። «ልጄ ከትምህርት ቤት የጠንቋይ መጽሐፍ ይዛ መጣች፤ ልቀማት ወይስ ልተዋት?» ይሉናል። «አቃጥሉት» ብለው የሚመክሩም አሉ። እኛ ግን አትቀሙ እንላለን። ምክንያታችንንም በአንድ መጽሐፍ እናስረዳለን።

መጽሐፉ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመችው «የአቱዋን መቃብሮች» የተባለው ልብ ወለድ ነው፤ በዕብራይስጥም ተተርጉሟል። በታሪኩ ውስጥ ቴናር የምትባል ሕፃን አለች። የመቃብሮቹ አለቃ የነበረችው ሴት ካህን በሞተችበት ሌሊት በመወለዷ፣ «የሞተችው ተመልሳ መጣች» ተብሎ ከእናት ከአባቷ ትነጠቃለች። በበረሃ ወዳለው መቅደስም ትወሰዳለች። ስሟንም ይወስዱባታል። አዲሱ መጠሪያዋ «አርሃ» ሲሆን ትርጉሙ «የተበላችው» ማለት ነው። የምታገለግላቸው ከምድር በታች የሚኖሩ ስም የለሽ የጨለማ ኃይሎች ናቸው። በዋሻቸው መብራት ማብራት ክልክል ነው። ልጅቷ የተነገራትን ሁሉ ታምናለች። በማመኗም እስረኞች በጨለማ ውስጥ በረሀብና በጥም እንዲሞቱ ትፈርዳለች፤ ከዚያ በኋላ ቅዠት እንቅልፍ ይነሳታል።

ከኃይሎቹ ይልቅ የምታስፈራው ግን ኮሲል የተባለችው የንጉሡ ሴት ካህን ናት። ኮሲል የምታመልከው ሥልጣንን ብቻ ነው። ለሌላው የተከለከለውን መብራት እሷ በድብቅ ይዛ ትገባለች። ልጅቷ ታምናለች፤ ሴትዮዋ በእምነቷ ትጠቀማለች። ክፋት የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ጥንቆላ ማስተማር ነውን? ኦሪታችን በዘዳግም ምዕራፍ 18 ጥንቆላን መከልከሉን እናውቃለን፤ እናከብራለንም። መጽሐፉ ግን ለጨለማ ስገዱ አይልም። ጨለማ መኖሩን አትካዱ፣ አታምልኩትም ነው የሚለው።

ይህን ነገር ደግሞ እኛ ቤተ እስራኤል ከመጽሐፍ አልተማርነውም። በኢትዮጵያ አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠው፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠርተው ሲኖሩ «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ይባሉ ነበር። የጎረቤት ልጅ ሲታመም «ቡዳ በላው» ተብሎ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኛ ነበር። ማረሻ የሠራለትን ሰው «በላተኛ» ይለው ነበር። ርስት የነፈገንን ሥርዓት ግን በላተኛ ያለው አልነበረም። የተደበቀ ክፋት ማለት ይህ ነው፤ የሚበላው ራሱ የተበላውን በላተኛ ሲለው።

እዚህ ከመጣን በኋላስ? በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ብዙ ልጆች በምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ወይም በክፍል ውስጥ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ብዙ ወጣቶችም ፕኒሚያ ገብተው ከወላጆቻቸው ርቀው አድገዋል። ሁሉም ክፉ አስበው አደረጉት አንልም፤ በቅን ልቦና የደከሙ ነበሩ። ነገር ግን ስም በእኛ ዘንድ የቤት ታሪክ ነው፤ ልጁ በተወለደ ጊዜ የነበረው ደስታም ኀዘንም በስሙ ይነገራል። እናት ያወጣችውን ስም ሳይጠይቋት መለወጥ፣ በቅን ልቦና ቢሆንም፣ ከልጁ ላይ መብላት ነው።

በመጽሐፉ ቴናርን ወደ ብርሃን የሚመልሳት ጌድ የተባለ እንግዳ ነው። አስማት ያውቃል፤ ልቧን የሚመልሰው ግን «ቴናር» ብሎ በስሟ መጥራቱ ነው። እሷም በጥም ሊሞት የነበረውን ሰው ውሃ አጠጥታ አድናዋለች። ጌድ ቆዳው ጠይም ነው፤ ነጯ እሷ ናት። ለልጆቻችን ጠይም ጀግና በመጽሐፍ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ መጽሐፉን ከምትቀሙ ማታ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «እስቲ ታሪኩን በአማርኛ ንገሪኝ» በሉ። ቃል ሲጠፋት አቀብሉ። ስትጨርስ ተራው የእናንተ ይሁን። ቡዳ ያላችሁ ማን እንደነበረ፣ ስሟን ለምን እንዳወጣችሁላት፣ በጉዞ ላይ ማንን እንደቀበራችሁ ንገሯት። መምህራንም መጽሐፉን ከሰጣችሁ በኋላ ልጁ ቤቱ ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቁ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ልጆቻችን ስለ ጨለማ በማንበባቸው አይጠፉም። የሚጠፉት ስለ ጨለማው የሚነግራቸው ወላጅ ሲያጡ ነው።